እሳት ያልነደደበት ቤት

ቤት ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? እኔ በሩን ነበር ያየሁት። ከወይራ ግንድ የተጠረበ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ ስገፋው አልጮኸም፣ ስለቀው በራሱ ተመልሶ ገጠመ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ። ጣራውን ቀና ብዬ ያየሁት ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ላይ ነው። እኔ የመርሐቤቴ ተወላጅ ነኝ። ሞላሌ የገባሁት አንዲት የስፌት መኪና በአህያ ጭኜ ሲሆን፣ አራት ዓመት በሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመንዝን ሰው እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ ስሰፋ ኖርኩ። ማታ መኪናዋን ወደ ውስጥ አስገብቼ ከጎኗ እተኛለሁ። ሚስቴ አስካለ አገሯ ነበረች። አባቷ ከሠርጋችን በኋላ ወር ሳይሞላ መጥተው የምኖርበትን አይተው፣ «ልጄን በረንዳ ላይ አላስቀምጥም፤ ቤት ስትገዛ ላክብኝ» ብለው ይዘዋት ተመለሱ። አልፈረድኩባቸውም። እየተመላለስኩ እጠይቃት ነበር፤ በዚያው መሐል አረገዘች። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ መልእክት ላኩብኝ። ለሰኔ ሚካኤል በበቅሎ ያመጧታል፤ ቤት ካለ ትገባለች፤ ከሌለ ይዘዋት ይመለሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ በሽማግሌ ይታያል። በሽማግሌ ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤቱን የሚሸጡት ቄስ ሞገስ ነበሩ። የእኅታቸው ቤት ነው፤ እኅትየዋ ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል። ቄስ ሞገስ ደግሞ የነፍስ አባቴ ናቸው። ለእንግዳ ሰው የነፍስ አባት ማግኘት ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን እንደመጣሁ ሰሞን፣ «ከየት ነህ? ማን ያናዝዝሃል?» ብለው ጠይቀው ያለ ብዙ ወሬ ተቀበሉኝ። ንግግር አያበዙም። መስቀል ሲያሳልሙ እንኳ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚሏት ከጢማቸው ሳትወጣ ትቀራለች።

ዋጋውን ስጠይቃቸው «ሁለት መቶ ሃምሳ» አሉ። እኔ በእጄ ያለኝ ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነበር። አልተከራከርኩም፤ እግዜር ለክቶ ያዘጋጀልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የሰፈሩ ሽማግሌ ግራዝማች ወልዴ ባሉበት፣ በሁለት ምስክር ፊት ሃምሳ ብር ቀብድ ከፈልኩ። ቀሪውን በአሥራ አምስት ቀን ልሰጥ ተዋዋልን።

በማግሥቱ አያ ሽፈራውን ጠራኋቸው። አያ ሽፈራው ሞላሌና ዙሪያውን ቤት ሲከድኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የጠራኋቸው ጉልላቱ ትንሽ ዘንበል ስላለ እሱን እንዲያቃኑልኝ ብቻ ነበር። በሩን ከፈትኩላቸው። አልገቡም። ደፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አሸተቱ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እሳት ያልነደደበት?» አሉኝ።

«የቤቱ ባለቤት ከሞቱ ጀምሮ ዝግ ነው።»

«ሁለት ክረምት!» አሉና ማጭዳቸውን ከወገባቸው መዘዙ።

ምን እንዳስደነገጣቸው አልገባኝም። እኔ ያደግሁበት አገር ሞቃት ነው፤ እሳት የምናነደው ለወጥ እንጂ ለጣራ አልነበረም። መንዝ ላይ ግን ጣራን የሚያኖረው ጭስ ነው። በየቀኑ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን ውስጥ ለውስጥ ያደርቀዋል፤ ጭስ የሌለው ቤት ከውጭ የጠጣውን ዝናብ እንደያዘ ይቀመጣል። ይህን የመንዝ ሕፃን ያውቃል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ልብስ ስለካ ኖሬ አንድም ቀን ማንንም አልጠየቅሁም።

አያ ሽፈራው ቆጡ ላይ ወጥተው ማጭዱን ወደ ጣራው ላኩት። እጃቸው እስከ ክርናቸው ገባ። ሲስቡት አንድ እቅፍ ሣር ተከትሎት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ ከበረት እንደሚወጣ ፍግ ይሸታል።

«ከውጭ የሚታይህ አዲሱ ንብብር ነው» አሉኝ ከላይ ሆነው። «በበሰበሰው ሣር ላይ ደርበውበታል። ማገሩንም ይዞት ሄዷል።»

«ግድግዳውስ?» አልኩ።

«ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል! ቆይ እስቲ ምሰሶውን ልየው።»

ወረዱና ምሰሶው ሥር ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ጫሩ። ከዚያ ቢላዋቸውን ወደ እንጨቱ ገፉት። ስለቱ ያለ ምንም ድምፅ እስከ እጀታው ገባ። ሳያወጡት ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ዋጋውን ጨርሰሃል?»

«ቀብድ ከፍያለሁ።»

«ይህ ቤት መጪውን ክረምት አይወጣም። ነሐሴ ላይ ውስጡ ሰው ካለ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው።»

«ይጠገን ቢባልስ?»

በጣታቸው ቆጠሩ፤ ምሰሶ፣ ማገር፣ ልጥ፣ የሰው ጉልበት። «ሣሩ ነው ችግሩ» አሉ። «የክዳን ሣር የሚታጨድበት ጓሳ ሜዳው ተዘግቷል። የሚከፈተው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ቢከፈትም አንተ የመርሐቤቴ ሰው ነህ፤ ማጭድ ይዘህ አትገባም፤ የሚያጭደው ባለ ርስቱ ነው። ለጊዜው በገብስ ገለባ ከድነን ክረምቱን እናሳልፈው፤ በኋላ ከባለ ርስት ትገዛለህ። ሁሉም ተደማምሮ ከመቶ ብር አይወርድም።»

መቶ ብር ሁለት ዓመት የሚያሰፋ ገንዘብ ነው። ያ ዓርብ ነበር። ቅዳሜን ልብስ መስፋት አቅቶኝ መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እሱን ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ለቄስ ሞገስ ንስሐ ገብቼ ነበር። ደንበኞቼ ከሚያመጡልኝ አቡጀዲ ላይ ስንዝር ስንዝር እየቀነስኩ የልጅ እጀ ጠባብ እየሰፋሁ እሸጥ እንደነበር ነገርኳቸው። «ምን ያህል ይሆናል?» ሲሉኝ፣ «አላውቅም አባ፤ ያለኝ ሁሉ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የላቤ፣ ስንቱ የሰው ጨርቅ እንደሆነ መለየት አልችልም» አልኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ ስግደትና ጾም፣ ለነዳያንም ልብስ መስፋት። ፈጸምኩ። ነገሩም እዚያው ቀረ ብዬ ነበር።

አሁን ግን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳስበው እግዜር ለክቶ ያዘጋጀው ያልኩት ዋጋ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለት መቶ አርባ ያላሉት ለምንድነው? ሁለት መቶ ስድሳስ? ልክ በኪሴ ያለውን ማን ነገራቸው? እኔው ራሴ። በንስሐ። የበሰበሰ ቤት በንስሐ ሚዛን መዝነው ሸጡልኝ አልኩ። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ ማስወጣት አቃተኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ላስወጣውም አልፈለግሁም። የተታለለ ሰው መሆን ያልጠየቀ ሰው ከመሆን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግራዝማች ወልዴ ግቢ ካቡ ሥር ተቀመጥን። ግራዝማች፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ ቄስ ሞገስና እኔ። አያ ሽፈራው አልነበሩም፤ ሌላ ቦታ ለቅሶ ሄደው ነበር። አያ ሽፈራው ያዩትን ሁሉ ተናገርኩ።

ግራዝማች ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አባ፣ ቤቱ እንዲህ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አሏቸው።

«አላውቅም» አሉ ቄስ ሞገስ። «እኅቴ ከሞተች ገብቼበት አላውቅም። ጥፋት ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ሃያ ብር ልቀንስ።»

«ሃያ ብር ምሰሶውን አያቆምም፤ መቶ ይቀንሱልኝ» አልኩ።

«አልችልም ልጄ። የእኅቴ አደራ ነው። ገንዘቡ የሚውልበት ነገር አለ።»

«ምን ላይ ነው የሚውለው?»

«አደራ ነው አልኩህ።»

ግራዝማች መሐል ገቡ፤ ሠላሳ ይሁን፣ አርባ ይሁን ተባለ። ቄስ ሞገስ ከሠላሳ ንቅንቅ አላሉም። እኔ የሚታየኝ የሚስቴ አባት በቅሎ ነበር፤ ፊቷን ወደ መርሐቤቴ አዙራ። ያን ጊዜ ነው አፌ ያመለጠኝ። አመለጠኝ እላለሁ እንጂ ቅዳሜን ሙሉ ሳዘጋጀው የዋልኩት ነው።

«ከሁለት መቶ ሃምሳ ብዙ የማይወርዱት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ» አልኩ። «እጄ ላይ ያለውን ገንዘብ ያወቁት በንስሐ ስለነገርኩዎ ነው። በእሱ ልክ ነው ዋጋ የቆረጡልኝ።»

አንደኛው ምስክር አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ። የንስሐን ነገር ማውጣት ለቄስ ሞት ነው፤ በንስሐ የሰሙትን ለጥቅም ማዋል ደግሞ ከዚያም ይከፋል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ያልኩትም ስለማውቅ ነው።

ግራዝማች ቀስ ብለው፣ «አባ፣ ይህ ልጅ ለሚለው መልስ የለዎትም?» አሉ።

ቄስ ሞገስ መሬት መሬት አዩ። «የለኝም» አሉ።

«እንዴት የለዎትም? ነገሩ እኮ ከባድ ነው። ለመሆኑ ገንዘብና ንስሐን ምን አገናኛቸው? ይህ ልጅ ስለ ገንዘብ ምን ብሎ ነው የተናዘዘው?»

ግራዝማች ይህን ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንኳ ያኔ ምን እንደተጠየቀ በቅጡ አልገባኝም ነበር። ቄስ ሞገስ ግን ቀና ብለው ከቶ አይቼው በማላውቀው ቁጣ፣ «ግራዝማች! መቶ ሃምሳ ይሁን። ጻፉት» አሉ። ተነሡ። ውሉ እስኪጻፍ ቆመው ጠበቁ፤ ፈርመው መቶ ብሬን ሳይቆጥሩ በነጠላቸው ቋጥረው ሄዱ።

እኔ አሸነፍኩ። እንደዚያ ነበር የተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ከማክሰኞ ጀምሮ አያ ሽፈራው ከሦስት ሰው ጋር ሥራ ጀመሩ። አሮጌው ሣር ወረደ፣ ማገሩ ተቀየረ፣ ከግራዝማች የገዛሁት ጥድ ምሰሶ ሆኖ ቆመ። በዚያ መሐል ወሬው ሞላሌን አዳርሶ ነበር። በሳምንቱ እሑድ ቄስ ሞገስ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው መስቀላቸውን ሲዘረጉ ሕዝቡ በሌላኛው ቄስ በኩል ሲያልፍ አየሁ። ወደ እሳቸው የሄዱት ሁለት አሮጊቶችና ወሬው ያልደረሳቸው የገጠር ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሰዉ የነፍስ አባቱን እየቀየረ ነው አሉ። እኔም በዚያው በሌላኛው በኩል አለፍኩ።

ሥራው ባለቀ ቀን አያ ሽፈራው ጉልላቱን አቁመው ወርደው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ «ቄስ ሞገስን እንዲህ አደረግሃቸው አሉ» አሉኝ።

«ዋጋውን ከንስሐዬ ነው ያወጡት፣ አያ።»

«ዋጋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

እጄ ላይ የያዝኩት ቅል ውሃ እንደያዘ ቀረ።

«አምና ጥቅምት ላይ ቄስ ሞገስ ጠርተውኝ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበትን የቤተ ልሔሙን ጣራ ለካሁላቸው። በቆርቆሮ ይሁን አሉ። ቆርቆሮውን፣ ምስማሩን፣ ከደብረ ብርሃን የሚያመጣውን በቅሎ ቆጠርን፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ወጣ። ‹እኅቴ ቤቷ ተሽጦ ቤተ ልሔሙ እንዲከደን፣ ስሟ ግን እንዳይነሣ ተናዝዛለች፤ እንግዲህ ቤቱን በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ› አሉኝ። የመሐል ሜዳ ነጋዴ ቤቱን ሊገዛ ሲመጣም ያንኑ ዋጋ ነው ያሉት። አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

አምና ጥቅምት። እኔ የተናዘዝኩት በዐቢይ ጾም ነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ። «እንዲህ ነው ብለው ቢናገሩ ማን ይከሳቸው ነበር?»

አያ ሽፈራው እጃቸውን አራግፈው ትክ ብለው አዩኝ። «ምን ብለው ይናገሩ? ‹አንተ ከመናዘዝህ በፊት ነው የቆረጥኩት› ቢሉ ተናዘዘልኝ ማለት ነው፤ ‹አልነገርከኝም› ቢሉ ውሸት ነው። ቄስ በንስሐ የሰማውን አያውቀውም። ያላወቀውን ምን ብሎ ይከራከርበታል?»

የግራዝማች ጥያቄ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስለ ገንዘብ ምን ብሎ ነው የተናዘዘው? አንድ ቃል ቢጨመርበት ኖሮ የጨርቁ ነገር ይወጣ ነበር። የሰው ጨርቅ የሚሰርቅ ልብስ ሰፊ ደግሞ መኪናውን ጭኖ ከአገር ይወጣል እንጂ ቤት አይገዛም። ቄስ ሞገስ በቁጣ ያቋረጡት እሱን ነው። መቶ ብሩን የቀነሱት የኔን አፍ ለመዝጋት ሳይሆን የኔን ስም ለመሸፈን ነበር።

ይህን ሁሉ አውቄ ምን አደረግሁ? ምንም። አፈርኩ፤ ስለ አፈርኩም ዝም አልኩ። አስካለና አባቷ ሲመጡ ቤቱ አለ፣ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል እያልኩ አምስት ቀን አሳለፍኩ።

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ አስካለ ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷ ከበቅሎ ሳይወርዱ ጣራውን አዩ፣ በሩን አዩ። «ደህና ነው» አሉ። ለእሳቸው ይህ ብዙ ነው። አስካለ ሆዷን ይዛ ወርዳ ደፉ ድረስ መጣችና ቆመች።

«ጸበል ተረጭቷል?»

«አልተረጨም፤ ይረጫል። ግቢ።»

«ያልተባረከ ቤት ምን ብዬ እገባለሁ? በዚህ ሆዴ! የነፍስ አባትህን ጥራቸው እንጂ። ደግ ሰው ናቸው ብለኸኝ አልነበር?»

የበቅሎዋን ልጓም ልይዝ ዞርኩ። አየችኝ። አስካለ ነገር ስሸሽ ታውቀኛለች። ወደ ካቡ ጥግ ሳበችኝና ነገርኳት፤ የጨርቁንም፣ በግራዝማች ግቢ ያልኩትንም፣ አያ ሽፈራው የነገሩኝንም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«የተናገርከው ሰው ፊት ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቃልህን የምትመልሰውም ሰው ፊት ነው። እኔ እዚህ ቤት የምገባው እሳቸው ረጭተውት ነው። ካልሆነ ነገ ከአባቴ ጋር እመለሳለሁ።» ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ያን ሌሊት ጎረቤት አደሩ፤ እኔ በአዲሱ ቤት ደጃፍ፣ ውጭ፣ ተቀምጬ አነጋሁ።

በማግሥቱ ለሚካኤል ንግሥ የተሰበሰበው ሕዝብ ቅዳሴው አልቆ ሳይበተን ግራዝማች ወልዴን አስፈቅጄ ቆምኩ። በቄስ ሞገስ ላይ የተናገርኩት ሐሰት መሆኑን፣ ዋጋው እኔ ከመናዘዜ በፊት የተቆረጠ መሆኑን ተናገርኩ። ስለ እኅታቸው ኑዛዜ ምንም አላልኩም፤ ያ የኔ አልነበረም። የጨርቁን ግን ተናገርኩ፤ ዝም ያሉት እሱን ለመሸፈን ነውና እሱ ሳይነገር ሌላው አይታመንም ነበር። ከሴቶቹ በኩል «የኔንም አቡጀዲ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሳቀም ነበር፣ የረገመኝም ነበር።

ሄጄ ቄስ ሞገስ እግር ላይ ወደቅሁ። «ተነሣ» አሉኝ። «ሰው ፊት የጨርቁን ባትናገር ምን ነበረ?»

«አያምኑኝም ነበር አባ።»

«አሁንም ሁሉም አያምንህም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ጸበሉን አምጣ። ሚስትህ ቆማለች።»

መጡ። ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ አዲሱን ምሰሶ ረጩ። ከዚያ ወደ ደጅ ዞረው አስካለን፣ «ግቢ ልጄ» አሏት። ገባች፤ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄዳ እሳት አያያዘች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ነገር ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ቤት ስትገዙ ጣራውን እዩ፣ የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ ይህ ቀላሉ ነው። ዋጋ ማስቀነስም ነውር አይደለም፤ ምሰሶው በስብሷል፣ ማስቀነስ መብቴ ነበር። ጥፋቴ ስለ ምሰሶው መከራከሬን ትቼ ስለ ሰውየው መከራከሬ ነው። ያስቀነስኩትን መቶ ብር በሦስት ዓመት ከፈልኩ፤ እስከዚያ ድረስ ቤተ ልሔሙ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ሆኖ ቆየ። ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ለክተው እየሰጡ፣ የተረፈውን ቁራጭ ሳይቀር ለክተው ይረከቡኝ ጀመር። እሱንም ለመድኩት። ዛሬም ቁራጭ ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በእኔ አፍ ምክንያት ሃያ ሦስት ቤተሰብ ቄስ ሞገስን ትቶ ነበር። ከሚካኤል በኋላ አሥራ አራቱ ተመለሱ። ዘጠኙ ግን ቄስ ሞገስ እስኪያርፉ ድረስ አልተመለሱም፤ «ሰው እንዲያው በባዶ አያወራም» ነበር የሚሉት። በየቤታቸው ሄጄ ለምኛለሁ፤ አስቀምጠው ጠላ ቀድተው ሰምተውኛል፣ አላመኑኝም። መጀመሪያ የተናገርኩትን ግን በየቤታቸው ሳልዞር ነው ያመኑኝ።